ሃያ ደቂቃ እና ስድስት ክር

ሰውየው ጊታሩን ለመሸጥ የወሰነው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል። ክፍያው ካምና ጨምሯል። ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ጫማ አለ። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ደምሮ ቀንሶ ጉድለቱ ስንት እንደሆነ ከማንም በፊት ያውቃል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያለ ሥራ ተቀምጦ ገንዘብ ሊያወጣ የሚችል ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በጥቁር ቦርሳ የተኛው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከነአምፕሊፋየሩ፣ ከነሦስት ፔዳሎቹ።

ባለቤቱ «ሽጠው» አላለችም። ያለችው ሌላ ነው።

«እኔ ሽጠው አልልህም። ግን አትጫወትበትም።»

ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ይልቅ ይቺ ንግግር ከበደችው። እውነት ናትና መልስ አልነበረውም።

በ20ዎቹ ዕድሜው ሠርግና ሆቴል ላይ የሚጫወት የአንድ ባንድ ሁለተኛ ጊታሪስት ነበር። ያኔ የሚኖረው ካዛንቺስ ነው። የልምምድ ቤቱ ከቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከሥራ በኋላ ይሄዳል፣ ሦስት ሰዓት ይጫወታል፣ በእግሩ ይመለሳል። ኋላ ሥራው ቋሚ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ባንዱም ተበተነ። ከዚያ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት። ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ነው። ዕጣው የወጣ ቀን ቤተሰቡ እልል ብሏል፤ እልልታም የሚገባው ነገር ነበር። የራስ ቤት ነው፤ ውጣልኝ የሚል አከራይ የለም።

ቤቱ የወሰደው ነገር የታወቀው ቆይቶ ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ከቤት ይወጣል። ታክሲ ሲገኝ ታክሲ፣ ሳይገኝ አውቶብስ። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ዝናብ ከጣለ ሁለት። ማታ ቤቱ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እራት አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። ቅዳሜና እሑድ ልቅሶ አለ፣ ዕድር አለ፣ ሠርግ አለ። አንድ ቀን ተቀምጦ አስልቶታል። በሳምንት 15 ሰዓት፣ በዓመት 750 ሰዓት ገደማ የሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። ጊታር የነካበትን ሰዓት ግን ለማስላት አልደፈረም።

እና «ጊዜ የለኝም» ሲል አይዋሽም ነበር። የዋሸው ሌላ ቦታ ነው።

*

ባለፉት ዓመታት በወር አንዴ ሁለቴ ጊታሩን ሲያወጣው ድምፁ ደስ አይለውም። ቀጭን ነው፣ ይጮኻል፣ ይንጫጫል። አንድም ቀን ግን ችግሩ ከእጁ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ችግሩ የዕቃ መሰለው። ኢንተርኔት ላይ የሚያያቸው ሰዎች በእግራቸው ሥር የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ የመሰለ የፔዳል ሰሌዳ ደርድረዋል። እሱም ቀስ በቀስ መግዛት ጀመረ። አንዱን ፔዳል የአክስቱ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛለት መጣች። አንዱን ከሚበተን ባንድ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ሦስተኛውን ለማግኘት ስምንት ወር ሰው ለምኗል።

አዲስ ፔዳል በመጣ ቁጥር ሁለት ቅዳሜ ያህል ደስታ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ድምፁ ወደ ቀድሞው ይመለስበታል። እሱም ቀጥሎ የሚገዛውን ያስባል።

ልብ ብሎ ላየው ይህ የሰውየው ብቻ ጠባይ አይደለም። ጊዜ የሌለው ሰው ዕቃ ይገዛል። የማያነበውን መጽሐፍ የሚገዛ አለ፣ የማይሮጥበትን ጫማ የሚገዛ አለ። ዕቃው ሲገዛ ነገሩ የተጀመረ ይመስላል፤ መግዛት ደግሞ ከመለማመድ አጭር ጊዜ ይወስዳል።

*

ማስታወቂያውን በስልኩ ከለጠፈ ሦስት ቀን ሳይሞላው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ሊገዛ መጣ። ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ የቀረበለትን ቡና ጠጣ፣ ከዚያ ጊታሩን ጭኑ ላይ አደረገ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሰውየውን ገረመው። ሦስቱንም ፔዳሎች ነቀላቸው። ገመዱን ከጊታሩ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ሰካ። የዲስቶርሽኑን ቁልፍ ወደ ታች አወረደ፣ ሚድሉን ከፍ አደረገ፣ የጊታሩን ቮሊዩም ከአሥር ወደ ስድስት ገደማ መለሰ። ቃኘው። ከዚያ ቀስ ብሎ ትዝታ ተጫወተ።

ጊታሩ ያው ጊታር ነው። አምፕሊፋየሩ ያው ነው። ክሩ ከሁለት ዓመት በላይ ያልተቀየረ፣ የዛገ ክር ነው። ድምፁ ግን ሰውየው በዚያ ቤት ውስጥ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነበር። እያንዳንዱ ድምፅ ተነጥሎ ይሰማል፤ አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ያለው ዝምታ ሳይቀር ንጹሕ ነው። ልጆቹ ከመኝታ ቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ዕቃዋ ጥሩ ናት» አለ ወጣቱ። «ክሯ ነው የሞተው። ፔዳሎቹን ግን ሁልጊዜ አብርተው ነው የሚጫወቱት?»

«ሲጠፉ ድምፁ ባዶ ይሆንብኛል» አለ ሰውየው።

«ባዶ የሚሆነው እጅዎ ብቻውን ስለሚሰማ ነው።»

ወጣቱ ይህን ያለው ለማስከፋት አልነበረም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ሰውየው ግን ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሳያስበው ከአፉ የወጣው ነገር ባለቤቱንም አስገረማት።

«ጊታሩን አልሸጥም። ፔዳሎቹን ውሰዳቸው።»

ተከራከሩ፣ ተስማሙ። የፔዳሎቹ ገንዘብ የጉድለቱን ከፊል ሸፈነ። ቀሪውን ከዕቁብ ጓደኛው ጋር ተራ ተለዋውጦ ሞላው። ልጆቹ በሰዓቱ ተመዘገቡ።

*

ወጣቱ የተናገረው ነገር ምሥጢር አይደለም። ኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባለው ክፍል አለ፤ ማግኔት ነው፣ በዙሪያውም እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። ፔዳሉም ሆነ አምፕሊፋየሩ ሊያጎላ የሚችለው እጅ የሰጠውን ብቻ ነው። ክሩ በስንፍና ከተመታ ስንፍናው ይጎላል።

ዲስቶርሽን ደግሞ ደካማውንና ብርቱውን ምት ጨፍልቆ ያቀራርባል። ስለዚህ ያልተስተካከለ እጅ ይደበቅበታል፤ ለዚህም ነው ጀማሪ የሚወደው። ነገር ግን ኮርዱ ይደበላለቃል፣ ሳይፈለግ የተነካው ክር ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ማንኛዋም ወጥ ሠሪ ይህን ታውቃለች፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ቢበዛበት ወጡ ያቃጥላል እንጂ አይጥምም።

ሚድሉም እንዲሁ ነው። ብቻውን ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሰው ባሱንና ትሬብሉን ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ ማድረግ ይወዳል፤ ለብቻ ሲሰማ ያምራልና። ከባስ ጊታርና ከድራም ጋር ሲሆን ግን ድምፁ ይሰወራል። የጊታር ዋናው ድምፅ ያለው መሃል ላይ ነው። ሰውየው በባንዱ ዘመን «አልሰማም፣ ጨምርልኝ» እያለ ከድምፅ ባለሙያው ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረው በዚህ ምክንያት እንደነበር የገባው ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳምነው ማስረጃ ግን እዚሁ አገር አለ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያላት። የፈረስ ጭራ፣ ቆዳ፣ እንጨት። አንዱ አዝማሪ ሲያስለቅስ ሌላው ጆሮ የሚያሳክከው በክሩ አይደለም፤ ክሩ ያው ነው። ስድስት ክርና ኤሌክትሪክ ስለተጨመረ ሕጉ አልተለወጠም።

*

የሚቀረው ጊዜው ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ከየትም አይመጣም። ሰውየው ቀኑን እንደ ሒሳብ መዝገብ ገልጦ ሲያየው ያገኘው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያሉትን ሃያ ደቂቃዎች ነው። ያንንም ቢሆን ቀድሞ ስልኩ ላይ ነበር የሚያጠፋው።

መጀመሪያ ያደረገው ጊታሩን ከቦርሳው አውጥቶ ግድግዳው ላይ መስቀል ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለደከመ ሰው ቁም ሳጥን ማንቀሳቀስ፣ ዚፕ መክፈት፣ ገመድ መፍታት፣ አምፕሊፋየር መሰካት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያለው ሰው ለዝግጅት አሥሩን ከከፈለ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ አዲስ ክር ገዛ። አንድ ዙር ክር ከማንኛውም ፔዳል እጅግ ይረክሳል። ላብና ዝገት የበላው ክር ድምፁ ይደነግዛል፣ መቃኛውም አይረጋም። ሦስት ፔዳል ከመግዛቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነበር።

ከዚያ ሃያውን ደቂቃ ከፋፈለው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ለአንድ ድምፅ ብቻ ናቸው። አምፕሊፋየር የለም። ጣቱን ከፍሬቱ ጥግ፣ ሳይሻገረው፣ ያሳርፋል፤ ድምፁ ሳይንጫጫ እንዲወጣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይጫናል። ከዚያ በላይ ከተጫነ ድምፁ ወደ ላይ ይሳባል፣ እጁም ይደክማል። ፒኩን ወደ ድልድዩ አስጠግቶ ሲመታ ድምፁ ይሳላል፣ ወደ አንገቱ ሲያርቀው ይለሰልሳል። አንድ ቁልፍ ሳይነካ በአንድ ክር ላይ አራት አምስት ዓይነት ድምፅ ያገኛል። እነዚያን ድምፆች ነበር በሻንጣ ከአሜሪካ ሲያስመጣ የኖረው።

ቀጣዮቹ 7 ደቂቃዎች እምቢ ላለው ቦታ ናቸው። ዘፈኑን ሙሉውን አይጫወትም፤ የሚሰናከልባትን አጭር ሐረግ ብቻ፣ በደቂቃ 60 በሚመታ ሜትሮኖም፣ እንደ ኤሊ። ቀድሞ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ይጀምርና እምቢ ያለው ቦታ ሲደርስ ተሰናክሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ውጤቱም የሚያውቀውን መቶ ጊዜ፣ የማያውቀውን አንድ ጊዜ መለማመድ ነበር። ክር ስቦ ድምፁን ከፍ ሲያደርግም መጀመሪያ የሚደርስበትን ድምፅ በፍሬቱ ላይ መትቶ ይሰማዋል፣ ከዚያ ክሩን ስቦ እዚያው መድረሱን ያመሳክራል። በትዝታም ሆነ በባቲ፣ በአምባሰልም ሆነ በአንቺሆዬ፣ ድምፆቹ አምስት ብቻ ናቸው። አምስት ብቻ ሲሆኑ የአንዷ መንሸራተት ይጎላል።

ሌሎቹ 7 ደቂቃዎች ለአንድ ሙሉ ዘፈን ናቸው። እዚህ ስሕተት ቢመጣም አይቆምም። የሚዘፍን ሰው ጊታሪስቱ ተሳስቷል ብሎ አይጠብቅምና።

የመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች የፍርድ ናቸው። በስልኩ ይቀዳና ይተኛል። የሚሰማው በማግሥቱ ነው፤ አውቶብስ ውስጥ።

መንገዱ ወደ ልምምዱ የገባው በዚህ በኩል ነው። ጠዋት ቆሞም ሆነ ተቀምጦ የትናንቱን ይሰማል። እየተጫወቱ ማዳመጥ ከባድ ነው፤ እጅ ጆሮን ያታልላል። በማግሥቱ፣ በሌላ ሰው ጆሮ ያህል ርቆ ሲሰማው፣ የት እንደቸኮለ፣ የትኛውን ክር ሳያፍን እንደተወው ይታወቀዋል። ከዚያ ዜማውን በልቡ ያዜማል፣ የግራ እጁ ጣቶች ቦርሳው ላይ ይረግጣሉ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የዜማ ተማሪ ትምህርቱን የሚይዘው በቃል ነው፤ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ መንገድ ላይም ሆነ ሥራ ላይ ደጋግሞ ያዜመዋል። ዜማው ውስጡ ከገባ በኋላ መሣሪያው የሚጠብቀው ጣትን ብቻ ነው።

ስሌቱን ሰውየው ራሱ ሠርቶታል። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ 2 ሰዓት ነው። በዓመት 104 ሰዓት። እሑድ አንዴ ሁለት ሰዓት ከመጫወትም ይሻላል፤ እጅ የተማረውን ሌሊት ተኝቶ ያረጋጋዋልና፣ ስድስት ሌሊት ከአንድ ሌሊት ይበልጣል።

*

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ነበር። የዚያን ጊዜ የሆቴል ባንዶች ታዳሚውን ይዘው፣ በር ተዘግቶ፣ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። የአይቤክስና የሮሃ ዓይነት ባንዶችን የካሴት ሥራ ዛሬ የሚሰማ ሰው በጊታሩና በድራሙ መካከል ያለው መግባባት ከየት እንደመጣ ይገርመዋል። ከፊሉ ከዚያ ነው። ጨቋኝ አዋጅ ከተማውን ሲዘጋ፣ ሳያስበው ለሙዚቀኛው ረጅም ሌሊት ሰጠው። የዛሬው ሙዚቀኛ በሌሊት መውጣት አይከለከልም፤ ሌሊቱን ግን ለነገ ጉዞ ይተኛበታል።

ጉድለት ድምፅ ሲሠራ በሌላ አገርም ታይቷል። እንግሊዛዊው ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጡት ክር የሚጫንባቸው የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ፈለገ፣ በኋላም ክሩ እንዲላላለት መቃኛውን ወደ ታች አወረደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ብላክ ሳባት የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጣ የዓለም ጆሮ የያዘው ያ ከባድ ድምፅ የመጣው ከዚህ እጅ ነው። ሰውዬው የጎደለውን ጣት ሲያለቅስበት አልኖረም፤ በቀረው ምን ድምፅ እንደሚወጣ ፈለገ።

ይህን ማለት ግን ጉዳት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ማሽኑ ጣት መቁረጥ አልነበረበትም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል ማለትም ከሦስት ሰዓት መንገድ ጋር መታረቅ አይደለም። ከተማ ሲስፋፋ ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ሕንፃው ቁመት ብዙ ይወራል። ሠራተኛው ቤቱና ሥራው መካከል የሚያፈሰው ሰዓት ግን በማንም ሪፖርት ላይ እንደ ወጪ አይመዘገብም። ያ ሰዓት ለአንዱ ጊታር ነው፣ ለሌላው መጽሐፍ ነው፣ ለብዙው ከልጁ ጋር መቀመጫ ነው። 750 ሰዓት በዓመት ከአንድ ሰው ሲወሰድ፣ የሚወሰደው ሰውየው ሊሆን ይችል የነበረው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሃያ ደቂቃውን የሚያድን ሰው፣ ስለ ቀሪው ሰዓት የመጠየቅ መብቱን አብሮ አልሸጠም።

*

ከነሐሴ ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል። ሰውየው ታላቅ ጊታሪስት አልሆነም፤ አይሆንምም። ሰባት ምሽት መብራት ጠፍቶበት በጨለማ፣ ያለ አምፕሊፋየር ተጫውቷል። ታሞ ሁለት ሳምንት አልነካውም። የጥምቀት ሰሞን ሙሉ በሙሉ ረስቶት ነበር። ሰባት ዘፈን ሊያጠና አስቦ የጨረሰው ሦስት ነው።

ስልኩ ላይ ግን የመስከረምና የመጋቢት ቅጂዎች አሉ። ሁለቱን አከታትሎ ለባለቤቱ አሰማት። እሷ ስለ ሚድልም ስለ ፒክአፕም የምታውቀው ነገር የለም።

«የመጀመሪያው ማን ነው?» አለችው።

ከታች ፎቅ አንዲት እናት ይኖራሉ። በፔዳሎቹ ዘመን ድምፁ ሲበዛባቸው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይመቱ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ ያፍርበታልም። ባለፈው ቅዳሜ ደረጃ ላይ ተገናኙ። ሊያልፋቸው ጎንበስ ሲል አስቆሙት።

«አንተ ልጅ፣ ማታ ማታ የምትጫወታት ትዝታ ናት አይደል?»

«አዎ እማማ። ረበሽኩዎት እንዴ?»

«የለም። በፊት ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። አሁን ትዝታ መሆኗ ታወቀኝ።» ዘንቢላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ብቻ ትንሽ ቀደም ብለህ ጀምራት። እኔ በጊዜ ነው የምተኛው።»

ሰውየው ቀደም ብሎ ለመጀመር ሰዓት እንደሌለው ሊነግራቸው አስቦ ነበር። አልነገራቸውም። ያን ቀን ማታ የልጆቹን የቤት ሥራ ካየ በኋላ፣ ሳይተኙ፣ እነሱ እያዩት ጀመረ።